ልብ ተከሶ ግንብ ነፃ ወጣ

ሁለት ፎቶግራፎች ነበሩ። ሁለቱም የተነሡት በነሐሴ 1997 ዓ.ም.፣ በአሜሪካዋ የኒው ኦርሊንስ ከተማ ነው። በአንደኛው ፎቶ አንድ ጥቁር ወጣት ደረቱ ድረስ በደረሰ ጎርፍ ውስጥ ዕቃ ይዞ ይሄዳል። በሌላኛው ፎቶ አንድ ነጭ ወንድና አንዲት ነጭ ሴት እንደዚያው በጎርፍ ውስጥ ዕቃ ይዘው ይሄዳሉ። ውሃው ያው ውሃ፣ ዕቃውም ያው የሱቅ ዕቃ ነው። ከሥራቸው የተጻፈው ግን ለየቅል ነው። ጥቁሩ ልጅ ሱቅ «ዘርፎ» ነው የሚሄደው። ነጮቹ ደግሞ ከሱቅ ዳቦና ለስላሳ «አግኝተው»!

ታዲያ ዓለም ጉድ አለ። ጥቁር ሲራብ ይዘርፋል፣ ነጭ ሲራብ ያገኛል ማለት ነው ተባለ። ነገሩ ሲጠየቅ ግን ሁለቱም ወገን መልስ ነበረው። የመጀመሪያውን ፎቶ ያሰራጨው አሶሽየትድ ፕሬስ፣ ፎቶ አንሺው ልጁ ሱቅ ገብቶ ዕቃ ይዞ ሲወጣ በዓይኑ ማየቱን ተናገረ። ሁለተኛውን ያነሣው ባለሙያ ደግሞ ሰዎቹ ከሱቁ ወጥቶ ውሃ ላይ ይንሳፈፍ የነበረ ዕቃ ሲያነሡ ማየቱን ተናገረ። ፎቶ አንሺዎቹ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው አልተማከሩም፤ ድርጅታቸውም አንድ አይደለም። ምናልባት ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እንግዲህ ፍረዱ! ማን ይከሰስ?

ይህችን ጥያቄ ያዙልኝ። ሁለት ንጹሕ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ነገር ግን ጋዜጣውን የገለጠ አንባቢ ፊት የቀረበው አንድ ጥቁር ሌባና ሁለት ዕድለኛ ነጮች ናቸው። በደሉ አለ፣ በዳዩ ግን በስም አይጠራም። ከካትሪና ማዕበል በኋላ አሜሪካን ለሁለት የከፈለው የዘርና የጥፋተኝነት ክርክር ከሥር እስከ ጫፉ የተሰናከለው እዚህች ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁሉም በዳይ ሲፈልግ የሰው ልብ ውስጥ ገባ፤ በደሉ ግን የተቀመጠው ሌላ ቦታ ነበር።

ነገሩን ላላስታወሰ እንመልሰው። ካትሪና የተባለው ማዕበል የሉዊዚያናን ግዛት የመታው ነሐሴ 23 ቀን 1997 ዓ.ም. ነው፤ በፈረንጆቹ ኦገስት 29 ቀን 2005 መሆኑ ነው። (ከዚህ በኋላ ስለ አሜሪካ የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ የፈረንጅ ነው።) እኛ ያን ሰሞን በራሳችን የምርጫ 97 ጣጣ ተይዘን ስለነበር ብዙዎቻችን በጨረፍታ ነው ያየነው። ከኒው ኦርሊንስ ከተማ 80 በመቶ ያህሉ በውሃ ተዋጠ። የሟቾቹ ቁጥር ለብዙ ዓመታት 1,833 ሲባል ኖሮ፣ የአሜሪካ የማዕበል ማዕከል በ2023 መዝገቡን እንደገና መርምሮ 1,392 አድርጎታል። ሱፐርዶም የተባለው ስታዲየምና የከተማዋ የጉባኤ አዳራሽ መውጫ ባጡ ሰዎች ተጨናነቁ። አብዛኞቹ ጥቁሮች ነበሩ። ውሃና ምግብ ለቀናት ሳይደርስላቸው ቀረ። በዓለም ሀብታሟ አገር፣ ካሜራ ፊት!

እርዳታውን የማስተባበር ኃላፊነት የነበረበት ፌማ የተባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ነው። ኃላፊው ማይክል ብራውን ከዚያ በፊት ለዓመታት ይሠሩ የነበረው የዐረብ ፈረሶች ማኅበር ውስጥ ነው። ፕሬዚዳንት ቡሽ ሴፕቴምበር 2 ቀን ሰውየውን በይፋ አመሰገኑ፤ በአሥረኛው ቀን ሰውየው ሥራ ለቀቁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

በዚያው በምስጋናው ቀን ምሽት ዘፋኙ ካንዬ ዌስት በቀጥታ ሥርጭት የእርዳታ ማሰባሰቢያ ፕሮግራም ላይ ቀርቦ፣ ጆርጅ ቡሽ ለጥቁር ሕዝብ ደንታ የለውም ብሎ ተናገረ። አጠገቡ የቆመው ተዋናይ የሚገባበት ጠፋው። ቡሽ በ2010 ባሳተሙት ማስታወሻ ያችን ጊዜ ከፕሬዚዳንትነት ዘመናቸው እጅግ መጥፎዋ አድርገው ጽፈዋታል። ልብ በሉ፤ በእኚህ ሰው ዘመን ሁለት ጦርነት ተካሂዷል፣ አንድ ከተማ ሰጥሟል። ከሁሉ ያመማቸው ግን ስለ ልባቸው የተነገረው ነው።

ከዚያ በኋላ አገሩ በሁለት ተከፈለ። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በዚያው ሴፕቴምበር ሕዝቡን ጠይቆ ነበር። ተጎጂዎቹ ነጮች ቢሆኑ ኖሮ መንግሥት ይፈጥን ነበር ያሉት ከጥቁሮቹ 66 በመቶ ሲሆኑ፣ ከነጮቹ 17 በመቶ ብቻ ናቸው። አንድ ቴሌቪዥን፣ አንድ ምስል፣ ሁለት አገር። የፕሬዚዳንቱ እናት ባርባራ ቡሽ በሂውስተን መጠለያ የተጠጉትን ሰዎች ጎብኝተው፣ ድሮም የተቸገሩ ስለነበሩ ይህ ለእነሱ ደህና ነው የሚል ትርጉም ያለው ነገር ተናገሩ። ጄሲ ጃክሰን ደግሞ ተጎጂዎቹ «ስደተኛ» መባላቸውን ተቃወሙ። ልክ ናቸው። እኛም እኮ ስደተኛና ተፈናቃይ ስንል እንለያለን። ስደተኛ የሰው አገር ደጅ የሚጠና ነው፤ ተፈናቃይ ግን በገዛ አገሩ ያለ፣ መንግሥቱን «የት ነበርክ?» ብሎ መጠየቅ የሚችል ዜጋ ነው። ሰውን በገዛ አገሩ ስደተኛ ያሉት ዕለት ጥያቄው ልመና ይሆናል።

ይሁን። እንግዲህ አንዱ ወገን «ይጠሉናል» አለ፤ ሌላው ወገን «ማንም አይጠላችሁም፣ ጎርፍ ዘር አይለይም» አለ። እዚህ ላይ ነው ትችቴ። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ልብ ነው። ልብና ኩላሊትን የሚመረምረው ደግሞ ፈጣሪ እንጂ የምክር ቤት ኮሚቴ አይደለም። «ይጠሉናል» የሚለው ሰው ማስረጃ ሲጠየቅ የፊት ገጽታና የመግለጫ ቃል ከማምጣት ውጪ የሚያቀርበው የለውም። «አንጠላም» የሚለው ደግሞ ጥቁር ጓደኞቹን ይቆጥራል። ክርክሩ መቋጫ የለውም። መቋጫ የሌለው ክርክር ደግሞ ለባለሥልጣን ከሰማይ የወረደ መና ነው። ስለ ልቡ የተጠየቀ ባለሥልጣን እንባ አውጥቶ ይገላገላል፤ ስለ ሥራው የተጠየቀ ግን ሰነድ ማውጣት አለበት።

ከሁሉ የከበደውን ክስ እንመልከት። ከሎወር ናይንዝ ዋርድ፣ ማለትም ከድሆቹ ጥቁሮች ሰፈር፣ ብዙ ሰዎች ግንቡ ሆን ተብሎ በፈንጂ ተነሥቷል አሉ። ፍንዳታ ሰምተናል ያሉም ነበሩ። ዳይሬክተሩ ስፓይክ ሊ በ2006 ባወጣው የአራት ሰዓት ዘጋቢ ፊልም እነዚህን ሰዎች ሳያላግጥባቸው አናግሯቸዋል፤ ደግ አድርጓል። ምክንያቱም ወሬው ከሜዳ የበቀለ አይደለም። በ1927 የሚሲሲፒ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋን ባሰጋ ጊዜ፣ የኒው ኦርሊንስ ባለባንኮች መንግሥትን አስማምተው ካርናርቮን በተባለ ቦታ ግንቡን በዲናሚት አስነሥተዋል። ውሃው የታችኞቹን ወረዳዎች በላ። ለነዋሪዎቹ የተገባው የካሣ ቃልም በአብዛኛው ሳይፈጸም ቀረ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ያን ጊዜ የተጠቁት ግን በብዛት ድሃ ነጭ አጥማጆች ነበሩ። በዲናሚት የተደረገው ነገር ሲወራረስ የዘር ታሪክ ሆነ፤ በመሠረቱ ግን አቅም ያለው አቅም በሌለው ላይ ውሃ የለቀቀበት ታሪክ ነው።

በ2005 ግን ፈንጂ አልነበረም። የነበረው ከፈንጂ የባሰ ነው። ግንቦቹ ከ50 በሚበልጥ ቦታ ላይ ተሰበሩ። የአሥራ ሰባተኛው ጎዳና ቦይ በሚባለው ቦታ ውሃው የግንቡ ጫፍ ላይ እንኳ ሳይደርስ ግንቡ ከነመሠረቱ ተገፍቶ ሄደ። ከሥሩ ያለው አፈር ደካማ ነበር፤ ንድፉ ይህን በቅጡ አላሰላም። ግንቦቹን የነደፈውና የሠራው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የመሐንዲሶች ጓድ በጁን 2006 ከ6,000 ገጽ በላይ የሆነ ጥናት አውጥቶ የንድፍ ጉድለት መኖሩን አመነ። የጎርፍ መከላከያው ሥርዓት በስም እንጂ በተግባር ሥርዓት አልነበረም የሚል ቃል ያለው በዚያ በራሳቸው ጥናት ውስጥ ነው። ለመሆኑ ከዚያ ቦይ የፈሰሰው ውሃ መጀመሪያ የዋጠው ማንን መሰላችሁ? ሌክቪው የሚባለውን፣ በአብዛኛው ነጮች የሚኖሩበትን ደህና ሰፈር ነው።

እንግዲህ ይኼ የታመነ፣ በሰነድ የተያዘ ጥፋት ነው። ከዚያስ? ነዋሪዎቹ ፍርድ ቤት ሄዱ። በ1928 የወጣ ሕግ የፌዴራል መንግሥት በጎርፍ መከላከያ ሥራዎቹ ምክንያት ለሚደርስ ጉዳት በገንዘብ እንዳይጠየቅ ይከላከልለት ነበር። በ2008 ዳኛው የመሐንዲሶቹን ጥፋት እያወገዙ፣ ሕጉ ስላሰራቸው ብቻ የግንቦቹን ክስ ዘጉት። የ1928ቱ ሕግ የወጣው በምን ምክንያት ይመስላችኋል? በዚያው በ1927 ጎርፍ ምክንያት! ቡሽ ጥቁር ይጠላል አይጠላም በሚለው ላይ የፈሰሰው ቀለም ሩቡ እንኳ በዚህ ሕግ ላይ አልፈሰሰም። ልብ ተከሶ ግንብ ነፃ ወጣ የምለው ለዚህ ነው።

«ታዲያ ዘር የለበትማ!» ብሎ የሚደሰት እንዳይኖር። ጎርፍ ዘር አይለይም የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ከሙሉ ውሸት ይልቅ ለማጋለጥ ያስቸግራል። የሉዊዚያና ሟቾች መዝገብ ተጠንቷል። ከ971 ሟቾች 51 በመቶው ጥቁሮች፣ 42 በመቶው ነጮች ነበሩ፤ ግማሽ ያህሉ ዕድሜያቸው ከ75 ዓመት ያላነሰ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ናቸው። ይህን ብቻ ያነበበ ሰው፣ የከተማዋ ሁለት ሦስተኛው ሕዝብ ጥቁር መሆኑን አስቦ «እንዲያውም ነጭ በዝቶ ሞቷል» ይላል። ጥናቱ ግን አልቆመም። ኒው ኦርሊንስ ያለችበትን ወረዳ ለብቻ ወስዶ፣ አዋቂዎችን በዕድሜ እኩዮቻቸው ሲያወዳድር፣ ጥቁሮቹ የሞቱበት መጠን ከነጮቹ ከ1.7 እስከ 4 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ውሃውስ ዘር አይለይም፤ መኪና ያለውና የሌለው ግን በዘር ተለይቶ ነበር። ከተማዋን ልቀቁ የሚለው ትእዛዝ የወጣው በዋዜማው፣ እሑድ ነው። መኪና ለሌለው ሰው «ልቀቅ» ማለት ክንፍ ለሌለው «ብረር» እንደማለት ነው። ይህን ለማድረግ ማንም ማንንም መጥላት አያስፈልገውም።

ከመኪናው የባሰው ደግሞ ወሬው ነው። ሱፐርዶም ውስጥ ሰው እየታረደ ነው፣ ሕፃናት እየተደፈሩ ነው ተባለ። የከተማዋ ፖሊስ አዛዥ ራሱ በቴሌቪዥን ቀርቦ ደገመው። የከተማዋ ጋዜጣ ታይምስ ፒካዩን በዚያው ወር ሲያጣራ፣ ስታዲየሙ ውስጥ የሞቱት 6 ሰዎች ሆነው ተገኙ፤ 4ቱ በሕመም፣ አንዱ በመድኃኒት ብዛት፣ አንዱ ራሱን አጥፍቶ ሳይሆን እንደማይቀር ተነገረ። አንድም የተገደለ የለም። ወሬው ግን ሥራውን ሠርቶ ነበር። ኦገስት 31 ቀን ከንቲባው 1,500 ፖሊሶች ሰው ማዳኑን ትተው ዘራፊ ወደ ማሳደዱ እንዲዞሩ አዘዙ። በማግሥቱ ወንዙን በድልድይ ተሻግረው ሊያመልጡ የሞከሩ፣ በብዛት ጥቁር የሆኑ ሰዎችን የግሬትና ከተማ ፖሊሶች ወደ ላይ እየተኮሱ መለሷቸው። ሴፕቴምበር 4 ቀን በዳንዚገር ድልድይ ላይ ፖሊሶች መሣሪያ ባልያዙ ጥቁሮች ላይ ተኩሰው ሁለት ገደሉ፣ አራት አቆሰሉ፤ ከዚያም ጉዳዩን ለመሸፈን የሐሰት ማስረጃ አዘጋጁ። ፍርዱ ተሰጥቶ፣ ተሽሮ፣ በመጨረሻ አምስቱ ጥፋታቸውን ያመኑት ከ11 ዓመት በኋላ በ2016 ነው።

አሁን ልበ-መርማሪዎቹ ይምጡና ይመልሱልኝ። ፖሊሶቹን ከሕይወት አድን ሥራ ያነሡት ከንቲባ ሬይ ኔጊን ጥቁር ናቸው። ወሬውን የደገመው የፖሊስ አዛዥ ጥቁር ነው። ዳንዚገር ላይ ከተኮሱት ፖሊሶች መካከል ነጭም ጥቁርም አለበት። ጥቁር ጥቁርን ስለሚጠላ ነው እንበል? አይደለም። ያ «ዘረፈ» የምትል የፎቶ መግለጫ ሥራዋን የሠራችው እዚህ ነው። በሁሉም ጭንቅላት ውስጥ፣ በጥቁሩም በነጩም፣ የተጨነቀ ጥቁር ማለት አደገኛ ጥቁር ነው የሚል ሥዕል ቀድሞ ተሰቅሎ ነበር። ሥዕሉን ለማየት ጥላቻ አያስፈልግም። ለማውረድ ግን «እኔ ማንንም አልጠላም» ማለት አይበቃም።

ኔጊን ራሳቸው ጥፋቱን ወደ ሰማይ ሊልኩት ሞክረዋል። በጃንዋሪ 2006 እግዚአብሔር በአሜሪካም በጥቁሩ ማኅበረሰብም ተቆጥቷል ብለው ሰበኩ፤ በማግሥቱ ይቅርታ ጠየቁ። ቁጣውን ትተን ወደ ሒሳቡ ስንመጣ፣ እሳቸው በ2014 በጉቦ ተፈርዶባቸው 10 ዓመት እስራት ተወስኖባቸዋል።

ከሁሉ ይልቅ ሊነበብ የሚገባው ግን ከጎርፉ በኋላ የመጣው የገንዘብ ቀመር ነው። ሮድ ሆም፣ ወደ ቤት የሚወስድ መንገድ እንደማለት ነው፣ የሚባል የመልሶ ግንባታ ፕሮግራም ተቋቁሞ ከ100,000 በላይ ለሆኑ ባለቤቶች ገንዘብ ሰጠ። ድጎማው ከ150,000 ዶላር አያልፍም፤ የሚሰላውም ከጎርፉ በፊት ቤቱ ከሚያወጣው ዋጋና ከማደሻው ወጪ ባነሰው ነው። ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል አይደል? እስቲ ለምሳሌ እናስላው። ሁለት እኩል ቤቶች አሉ እንበል፤ ሁለቱንም ለማደስ 150,000 ዶላር ያስፈልጋል። አንዱ በነጮች ሰፈር ስላለ ዋጋው 200,000 ነው፤ ሌላው በጥቁሮች ሰፈር ስላለ 80,000 ነው። የመጀመሪያው ባለቤት 150,000ውን ተቀብሎ ቤቱን ይሠራል። ሁለተኛው 80,000 ተቀብሎ ጣሪያ የሌለው ግድግዳ ይዞ ይቀመጣል። ሚስማሩ ለጥቁር አልረከሰለትም። ቅጹ ላይ «ዘር» የምትል ቃል የለችም። ቀመሩን የጻፈው ሰው ደግሞ ማታ ቤቱ ገብቶ ልጆቹን ስሞ የሚተኛ፣ ማንንም የማይጠላ ሰው ሊሆን ይችላል። በ2008 ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሄደ፤ በ2011 በስምምነት ሲያልቅ 62 ሚሊዮን ዶላር ተጨማሪ እንዲከፈል ተደረገ። ከሳሾቹ የማንንም ልብ አልከሰሱም። የከሰሱት አንዲት የሒሳብ መስመር ነው። በዚህም ገንዘብ አስገኙ።

የእኛ አገር አንባቢ ይህን ሲያነብ ሩቅ አይመስለውም። የ1965 እና 66ቱ የወሎ ረሃብ ተደብቆ ሰው አለቀ። ከዚያ መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ደርግ የእንግሊዛዊውን ጋዜጠኛ የጆናታን ዲምብልቢን ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እያቀያየረ፣ ንጉሡ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ እያሳየ፣ ለሕዝቡ አቀረበ። በማግሥቱ ንጉሡ ወረዱ። ሕዝቡ የተናደደው በእውነተኛ ነገር ነው፤ ፍርዱ የተሰጠው ግን በልብ ላይ ነው፤ ጨካኝ ልብ ሄደ፣ ነገሩ አለቀ ተባለ። ረሃብን ሪፖርት ያደረገ ሹም ለምን እንደሚፈራ፣ የክፍለ ሀገር ወሬ አዲስ አበባ ሳይደርስ የት እንደሚቀር ግን አልተጠየቀም። አሥር ዓመት እንኳ በወጉ ሳይሞላ፣ በመስከረም 1977 አዲስ አበባ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በሰልፍና በድግስ ስታከብር፣ ኮረም ላይ ሕዝብ እየረገፈ ነበር። ልቡ ተለውጦ ነበር፤ አሠራሩ ግን ያው ነው።

የኒው ኦርሊንስን መጨረሻ ልንገራችሁ። ከካትሪና በኋላ ከ14 ቢሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶ የጎርፍ መከላከያው እንደ አዲስ ተሠራ። ልክ በ16ኛ ዓመቱ፣ በዚያችው ቀን፣ ኦገስት 29 ቀን 2021 አይዳ የተባለ፣ ሲገባ ከካትሪና የበረታ ነፋስ የነበረው ማዕበል መጣ። ግንቦቹ ቆሙ። ሎወር ናይንዝ ዋርድም ሌክቪውም ጎርፍ አላጠፋቸውም። በ16 ዓመት ውስጥ የአሜሪካኖች ልብ ተለውጦ ነው? የዚያን አገር ፖለቲካ የሚከታተል ሰው እንደዚያ አይልም። የተለወጠው አፈሩና ኮንክሪቱ ነው። በዚያው ሰሞን ግን የከተማዋ መብራት ለቀናት ጠፍቶ በሙቀት የሞቱ አረጋውያን ነበሩ። እንግዲህ የሚቀጥለው ጥያቄ ደግሞ እዚያ ላይ ነው፤ ጄኔሬተሩ የትኛው ሰፈር ነበር፣ ፎቅ ላይ ያሉትን አሮጊት አንኳኩቶ እንዲጠይቅ የተመደበው ማን ነበር?

አደጋ በመጣ ቁጥር «ማን ይጠላናል?» የሚለው ጥያቄ ይነሣል፤ የተጎዳ ሰው ነውና ዝም በል አይባልም። ከእሱ ቀጥሎ ግን ንድፉ ላይ ማን ፈረመ፣ ቀመሩን ማን ጻፈው፣ ሕጉ ለማን ይከላከላል የሚሉት ይጠየቁ። ለእነዚህ መልስ የሚሆን ወረቀት መዝገብ ቤት ውስጥ አለ።